ድመቷ የሞተችበት ክፍል

ሶፋ ሠሪው ከምሳ በኋላ፣ ሙጫ በሚደርቅበት ክፍል ጋደም እንዳሉ በዚያው ቀሩ። ማንደጃው ላይ ከሰሉ ገና አልከሰመም፤ የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ በቁራጭ ጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁ ምራታቸው ስትሰፋ የሚተርፋት ነው። የሥራ ቤቱን ቁልፍ ነገ ለእሷ ሊያስረክቡ ቃል ገብተው ነበር። ባለቤታቸው ግን ምራቲቱን ድሮም አይወዷትም፤ መርማሪው ገና ወንበር ሳይስብ ጀመሩት።

«እሷ እባብ ናት።»

«እንዴት አወቁ፣ እማማ?»

«እባብ ናት አልኩህ እኮ። ቀስ ብላ ገብታ ትነድፋለች።»

«ቁርጥ እናቷን» አለ ልጃቸው። የገዛ ሚስቱን ነው እንዲህ የሚለው። እሷ ጥግ ላይ ቆማ መሀረቧን ታፍተለትላለች፤ ደጅ የፖሊስ መኪና ይጠብቃታል።

«ሁለታችሁም ምን እንደምትመስል ነገራችሁኝ» አለ መርማሪው። «ይሄ ስድብ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። እስቲ አሟሟቱን የሚመስል ነገር ንገሩኝ። እዚህ ክፍል ከዚህ በፊት የሞተ አለ?»

እናት ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። «ድመታችን ናታ። ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ማንደጃው አጠገብ። አርጅታ ነው ብሎ ልጄ ቀበራት።»

«መስኮቱስ?»

«ያኔም ዝናብ ስለሆነ ተዘግቶ ነበር።»

«ልጅዎ ከዚያ ወዲህ እዚህ ይሠራል?»

«እሱማ ሙቀቱን አልቻልኩም ብሎ ሥራውን ግቢ አወጣ። በዚህ ብርድ።»

«እማዬ፣ ተይ በቃ» አለ ልጅየው። ሰነፍ እንዳይባል አፍሮ መሰላቸው።

«ዛሬ መስኮቱን የወተፈው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ማን ጠየቀኝ? አባባን በርዷቸዋል ብሎ ጨርቁን ያቀበለኝ እሱ ነው።»

መርማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄኛው መመሳሰል ግን ማስረጃ ነው፣ እማማ። ያው ክፍል፣ ያው ከሰል፣ ያው የተዘጋ መስኮት። ድመቷን የከሰሉ ጭስ ከገደላት ሰውንም ይገድላል። ልጅዎ ይህ ገብቶት ራሱን አወጣ፤ አባቱን እዚያው ተዋቸው። ለነገ እንዳይደርሱ የፈለገ እሱ ብቻ ነው። ምራትዎማ ቁልፉን ለመረከብ ነገን ስትጠብቅ ነበር።»

«ድመትና ሰውን ምን አገናኛቸው?» አሉ እናት። ልጃቸውን አዩት፤ አቀርቅሯል። የመጨረሻዋን ስንጥቅ በጣታቸው ሲወትፉ ባላቸው «ተባረኪ» ብለዋቸው ነበር።

«እንግዲያው እኔን ውሰዱኝ» አሉ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ብርዱን ነው የከለከሉላቸው» አለ መርማሪው።

ፖሊሶች ልጃቸውን ይዘው ወጡ። እናት ሊከተሉት ተነስተው ደጃፉ ላይ ተደናቀፉ። ምራቲቱ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች። ሌላ የሚይዛቸው ሰው አልቀረም።