የያባ ቀኝ እጅ

አሮጊቷን ያባ ሳናቱን ከወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ሞተው ወድቀው ያገኘቻቸው የልጅ ልጃቸው ውምፒኒ ነበረች። ጩኸቷን የሰማ፣ በሰሜን ጋና የታማሌ ከተማ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሮጠ ደረሰ። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ግን መንዘሩን አላቆመም፤ ከአክራም ከሌጎስም ደንበኞች ቅቤ ያዛሉ።

ውምፒኒ የምትነግደውን ያንን ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚመታ ቅቤ የሚሸጠው የአሮጊቷ ፊት ነበር። ያባ አርብ አርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በስልክ ቪዲዮ በቀጥታ ይቀርባሉ፤ ሰላምታ የጻፈላቸውን በስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ፤ ሲጨርሱ በቅል የሞላ ቅቤ ዘርግተው «ከእጄ ለእጅሽ» ይላሉ። እናቷ የሞተችባት ሴት ይህን ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ዕንባዋን ጠርጋ ትገዛለች።

ኢንስፔክተር ላሚሲ ስትደርስ አስከሬኑ ታጥቦ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በፊት እንዲቀበር ሽማግሌዎቹ ይጣደፉ ነበር። ቀጭን ናት፤ ስታዳምጥ ዓይኗን አታርገበግብም።

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ ሺህ ሰው በሕይወት አይቷቸዋል» አለች። «አንቺስ ከኩማሲ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ወረድሽ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል። በቀጥታ እዚህ መጣሁ» አለች ውምፒኒ።

«ጎረቤትሽ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ ነበር። ካንቺ በቀር የገባ አላየሁም ትላለች።»

ውምፒኒ ምን ብትምል ማን ያምናታል?

የቅቤ መቺዎቹ አለቃ መሙናቱ ደግሞ ነገሩን አባሰችው። ከንጋት ጀምሮ ከአሥራ አምስት ሴቶች ጋር ግቢዋ ውስጥ ነበረች። «ሥራ ፈትተን ነዋ!» አለች በምሬት። «ቅቤ ከመታን ሦስት ወራችን ነው። እነ ውምፒኒ ከፋብሪካ በበርሜል ያስመጡና የያባ እጅ የመታው ነው ይላሉ። ያባ ይህን ሲሰሙ ‹አርብ በቪዲዮው ለልጆቼ እውነቱን እነግራለሁ› አሉ።»

«ይህን ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ፣ ውምፒኒና ኔንዶ።»

ኔንዶ ቪዲዮውን የሚቀርጽና ገጹን የሚያንቀሳቅስ ጎልማሳ ነው። «እኔ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ማተሚያ ቤት ነበርኩ፤ አሥር ምስክር እጠራለሁ» አለ። «ያባ ስልኩን ራሳቸው ይከፍታሉ። ዛሬ እውነቱን ሳይናገሩ መቅረታቸው... ምናልባት ለውምፒኒ አዝነው ይሆናል።»

ላሚሲ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጣ የጠዋቱን ቪዲዮ አየችው፤ ደግማ አየችው። ከዚያ ደንበኞች ከሥሩ የጻፉትን ታነብ ጀመር። ከልብ ምስልና ከምርቃት መሐል አንዲት ሴት «ያባ ስሜን ሳይጠሩኝ ቀርተው አያውቁም፤ ተቀየሙኝ?» ብላለች። ሌላዋ ደግሞ «ዛሬስ በግራ እጅ ሰጡን!» ብላለች።

«ያባ ግራኝ ነበሩ?» አለች ላሚሲ።

«ያባ?» ውምፒኒ በዕንባዋ መሐል ልትስቅ ምንም አልቀራት። «አንዴ በግራዬ ውሃ ባቀብላቸው ጣሳውን ከእጄ መትተው ጣሉት። በግራ መስጠት ለእሳቸው ስድብ ነው።»

ላሚሲ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ አገር ሕፃን እንኳ በግራው አይሰጥም» ብላ ጀመረች። «ያባም አልሰጡም። ቪዲዮው ነው እንደ መስታወት የተገለበጠው፤ ቀኙ ግራ ሆኗል። ለምን? ደንበኞቹ የያባን ቪዲዮዎች በቃላቸው ያውቋቸዋላ! አንድ ሰው የለቀቀው አሮጌ ቪዲዮ ነው፤ እንዳለ ቢለቀው ይነቃበታል።» ቪዲዮውን መልሳ ገልብጣ ለመሙናቱ ሰጠቻት። «ከኋላቸው ምን ይታያል?»

መሙናቱ አፍጥጣ አየች። «ማድጋው! ይህማ ባለፈው ዒድ ጊዜ እኔው ራሴ የሰበርኩት ማድጋ ነው!»

«እንግዲህ ሦስት ሰዓት ላይ ያየነው የዛሬ ስርጭት አይደለም። ዛሬ ሰላምታ የጻፉላቸውን በስም ያልጠሩትም ለዚሁ ነው። የሞቱት ጎረቤቷ ደጅ ሳትወጣ፣ ውምፒኒም አውቶቡስ ላይ ሳለች ነው። የገጹን የይለፍ ቃል የምታውቁት ውምፒኒና ኔንዶ ብቻ ናችሁ፤ ቪዲዮ ደግሞ ከየትም ሆኖ በስልክ መልቀቅ ይቻላል። ያ ቪዲዮ ውምፒኒን ለገመድ አሳልፎ ይሰጣል፤ ለማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ግን ምስክር ይሆነዋል። ቀኑን ሙሉ ራስህን በስልክ መስታወት ስታይ የምትውል ሰው ቀኝና ግራው ጠፋብህ፣ ኔንዶ።»

«ልገድላቸው አልመጣሁም!» አለ ኔንዶ። «ስልኩን ልቀማቸው ስል እንቢ አሉኝ... ገፋኋቸው።» ቀና ብሎ ውምፒኒን አያት። «አንቺስ? ‹እንደምንም ብለህ አፋቸውን አዘጋልኝ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ላሚሲ ወደ ውምፒኒ ዞረች።

«ብያለሁ» አለች ውምፒኒ። «በልመና ዝም እንዲያሰኛቸው ነበር። ግን ብያለሁ።»

«በዚህ ሕግ የሚጠይቅሽ አይመስለኝም» አለች ላሚሲ፤ ሌላ ማጽናኛ ግን አልጨመረችላትም።

ኔንዶ ተወሰደ፤ ያባም ተቀበሩ። ውምፒኒ ከቀብር ስትመለስ ስልኩን ማስቀመጫው ላይ አቁማ ስርጭቱን ከፈተች። ሰላሳ ሺህ ሰው ለለቅሶ ገባ። ስለ በርሜሉ ነገረቻቸው፤ ሥራ ስለፈቱት ሴቶች ነገረቻቸው፤ አፋቸውን አዘጋልኝ ማለቷንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስድቡ ወረደባት፤ የተመልካቹ ቁጥርም ወደ ሃያ፣ ወደ አሥር፣ ወደ ሁለት ሺህ አሽቆለቆለ። መሙናቱ ከበሩ ሥር ቆማ ትሰማለች።

«ዛሬ ጠዋት ያባ ሊነግሯችሁ የነበረው ይህን ነበር» አለች ውምፒኒ። ቀኝ እጇን ወደ ካሜራው ዘረጋች። የምትሰጠው ነገር አልነበራትም፤ እጇ እስኪዝል ግን አላጠፈችውም።