ከሰርቨሩ የጠፋው አንድ መስመር

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም... በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ የአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ክፍል።

የሆስፒታሉን የታካሚዎች ዳታቤዝ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር።

አዲስ ሰርቨር ተገዝቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ከአሮጌው ዴስክቶፕ ምን ያህል እንደሚፈጥን አወዳድሬ ሪፖርት እንድጽፍ አዘዙኝ። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መረጃ ጫንኩ። አንድ ዓይነት ሥራም ሰጠኋቸው፤ አንድ ሺህ ማስታወሻ መመዝገብ።

ዴስክቶፑ በዘጠኝ ሰከንድ ጨረሰ።

ሰርቨሩ... በሃያ ስድስት።

አያት የልጅ ልጁን ሮጦ ሲቀድም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አየሁ።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ሰርቨሩ ጠንቃቃ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ በትክክል መስፈሩን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» አይልም። ሪፖርቱ ላይ ይህንኑ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ዳይሬክተሩ ፊት ማፈር አልፈለግኩም...

ማረጋገጫውን አጠፋሁት፤ ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ሳይሰፍር «ተመዝግቧል» ይላል፣ በመሃል መብራት ከጠፋ ጽሑፉም ይጠፋል።

ሰርቨሩ በሁለት ሰከንድ ጨረሰ።

ሪፖርቱ ተመሰገነ። ዴስክቶፑ ተነቅሎ ንብረት ክፍል ገባ። ማረጋገጫውን ነገ እመልሰዋለሁ እያልኩ፣ ነገ ነገን እየወለደ አሥር ቀን ሆነ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ። የሰርቨሩ ባትሪም አልያዘም። ለቅጽበት ስለነበር ማንም ልብ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የሁለት ልጆች እናት መርፌ ተወግታ ሞተች። ፔኒሲሊን የማይስማማት ሴት ነበረች።

ጠዋት የተቀበለቻት ሲስተር ይህንን መመዝገቧን ምላ ተገዝታ ተናገረች። ሰርቨሩ ላይ ግን ምንም የለም። ሳትጽፊ ጻፍኩ አትበይ ተብላ ከሥራ ታገደች። እኔም ተጠርቼ ሲስተሙ ምንም ችግር የለበትም ብዬ መሰከርኩ።

በዚሁ አፌ።

በዚያው ዕለት ማረጋገጫውን መለስኩት። ሴትዮዋ ግን አልተመለሰችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳይሬክተሩ ሌላ ንጽጽር ፈለጉ። ዴስክቶፑን አስመጥቼ ምሳ ሰዓት ላይ አበራሁት። ከኔትወርኩ ጋር አላገናኘሁትም።

በቅድሚያ የመዝገቦቹን ብዛት ጠየቅኩት። ሪፖርቴ ላይ የጻፍኩት 41,306 ነበር።

41,307 አለኝ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት... 41,307።

የመጨረሻውን መስመር ጠራሁ።

የሟቿ ስም። የሲስተር መለያ ቁጥር። ከዚያ፣ «ፔኒሲሊን አይስማማትም። እህቷ ነግራኛለች።»

የተጻፈበት ሰዓት፣ ሴትዮዋ በሞተችበት ቀን ጠዋት መብራት ሊጠፋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው።

ያን ቀን ይህ ኮምፒውተር ንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበር... ገመዱ ተጠቅልሎ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። አጥፍቼው ልወጣ ቃጣኝ። ያየኝ ሰው የለም።

ግን ስልኬን አንስቼ ሲስተርን ጠራኋት።

ስትመጣ ቆማ አነበበችው።

«ከሰርቨሩ ላይ ማን ነው ያጠፋው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ።»

«ስትመሰክርብኝ... ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር... አይ፣ አውቅ ነበር።»

አልሰደበችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቀብሩ ላይ ልጆቿ እኔን ነበር የሚያዩት» አለች።

ዳይሬክተሩን አስጠርቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። በኋላ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኔ ተባረርኩ። የሟቿ ቤተሰብ ዘንድም ራሴ ሄጄ ተናግሬያለሁ። ይሄ የሚገባኝ ነው።

ያልገባኝ ሌላ ነው...

ያን ዕለት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዳይሬክተሩ የዴስክቶፑ ዲስክ ማስረጃ ስለሆነ አውጥቼ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ካጠፋሁት መስመሩ አብሮ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። እንደበራ ጎኑን ፈታሁት።

ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው።

ሁለት ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ጫፋቸው አቧራ ለብሷል።

ዳይሬክተሩ ንብረት ክፍል ደወሉ። የክፍሉ ሰውዬ ዕቃው በገባ ዕለት ዲስኩን ራሳቸው ፈትተው ለሌላ ክፍል እንደሰጡ ነገሯቸው።

ስክሪኑ ግን በርቷል። መስመሩ እዚያው አለ።

ሲስተር ቀስ ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይሰማሃል?» አለችኝ።

ከባዶው ቦታ ውስጥ... ትር... ትር... ትር...

ዲስክ ሲጽፍ የሚያሰማው ድምፅ ነበር።