ከሟቹ ቀድሞ ሰፈር የገባው አጋዘን

ኦሬል ሚሾ በረግረጉ ጥድ መሀል ተንጋሎ አፉ በረዶ ሲሞላ፣ አጋዘኑ የአዳኞቹ ሰፈር ገብቶ፣ ተሰቅሎ፣ ጉበቱ በሽንኩርት ተጠብሶ ተበልቶ ነበር። መርማሪዋን ሎርና ፔልኪን ከሁሉ በላይ ያቅለሸለሻት ይህ ነው፤ ስለዚህ እኔም ከዚሁ ጀመርኩ።

ሎርና በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ ድንች ከሰው በሚበዛበት ሸለቆ፣ አዳኝ ሞቶ ሲገኝ የምትጠራ መርማሪ ናት። የተላጠ የዛፍ ቅርፊት አይታ የተኳሹን የጫማ ቁጥር ትናገራለች ይባላል። የጫማውን ነገር የጨመርኩበት እኔ ነኝ፤ የቀረው እውነት ነው።

ሬሳው የነበረበት ደን ደግሞ ጭስ እንኳ በጎኑ ካልዞረ የማያልፍበት ነው። በኅዳር የገባ ነፋስ በሚያዝያ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሎርና በሆዷ እየተሳበች ገብታ ከኦሬል አጠገብ ተንበረከከች። ብርቱካናማ ሰደርያው ላይ፣ ልቡ አካባቢ፣ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ እንደ ሳንቲም ክብ፣ ጠርዟ ያልተተረተረ። በጀርባው በኩል ምንም አልወጣም። ከእግሩ ሥር አዲሱን በረዶ በጓንቷ ጠረገችው። የረጋ ደምና ብዙ ቡናማ የአጋዘን ፀጉር ብቅ አለ።

«እዚህ አጋዘን ወድቋል» አለች ለባልደረባዋ። «ማንም አልነገረንም።»

ባልደረባዋን ከሬሳው ጋር ትታ ወደ አዳኞቹ ጎጆ ወጣች። ጎጆው ውስጥ እርጥብ ካልሲ፣ ሽንኩርትና ደም አንድ ላይ ይሸታሉ። ከበሩ ፊት፣ በአግዳሚው እንጨት ላይ፣ ቀንዱ እንደ ወንበር የሚያስቀምጥ ትልቅ ወንድ አጋዘን ተሰቅሏል። የጣለውን አዳኝ የሚናገር፣ የፈርናን ሲር ስም ያለበት ወረቀት ቀንዱ ላይ ታስሯል። አንድ የፊት እግሩ ከነትከሻው የለም።

የኦሬል አማች ትሬቨር ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የከተማ ልጅ ነው፤ የሸሚዙ ጭራ ከኋላ ተቆርጦ ወገቡ በብርድ ቀልቷል። በእኛ አገር ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙን ጭራ ይቆረጣል፣ ጨርቁም ስሙ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ በምስማር ይመታል። ያ ግድግዳ ከአንድ ልብስ ሻጭ የበለጠ ጨርቅ አለው።

«ስንት ጊዜ ተኮስክ?» አለችው።

«አንዴ ብቻ ነው፣ ይመኑኝ። ቀንዱን በዓይኔ አየሁ። ጠመንጃውን ሳነሳ ማነጣጠሪያ መነጽሩን ትከሻው ሞላው፣ ሌላ ምንም አይታይም። ተኮስኩ፣ ጠፋ። ቆይቶ ፈርናን መጣና ‹ሳትከው፣ እኔ ጣልኩት› አለኝ። ሸሚዜን ቆረጡ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሱ እዚያ ወድቆ እኔ ጉበት እየበላሁ እስቅ ነበር!»

«ኦሬልን ማን አገኘው?»

«ለምሳ ሲቀር ልንፈልገው ወጣን። ፈርናን ነው ያገኘው። ‹ጥይትህ ቀንበጥ ነክታ ታጥፋ ነው› አለኝ።» ስልኩን በሁለት እጁ ጨምቆታል። «ሚስቴ ኖኤላ አባቷን ብቻ ነው ያላት። እስካሁን አልደወልኩላትም። ምን ልበላት? ገደልኩት ልበል? እንዴት ነው የሚባለው?»

«እኔ ሳልነግርህ አትደውል። ጠመንጃህን አሳየኝ።»

ረጅም ነው፤ ላዩ ላይ የበግ እግር የሚያህል መነጽር ተጭኗል። ጥይቱ ቀጭን ሆኖ ባሩዱ የሚበዛ፣ ሜዳ አቋርጦ ሩቅ ለሚገኝ እንስሳ የተሠራ ነው።

ፈርናን ሲር ከምድጃው አጠገብ እግሩን ዘርግቶ ቢላውን ይስላል። ስልሳ ያለፈው፣ ጢሙ የሾርባ ወንፊት የመሰለ ሰው ነው።

«ይቺን ሰማያዊ ዓይን ያላት መድፍ አየሻት?» አላት። «ስንት ጊዜ ነገርኩት! እዚህ ጫካ ውስጥ መነጽር የጫነ ረጅም ጠመንጃ ይዞ መግባት መሰላል ተሸክሞ ሽንት ቤት እንደመግባት ነው። አጋዘን እዚህ አጠገብሽ ነው የሚነሳው። አጭር፣ ቀላል፣ ትከሻሽ ላይ ቶሎ የምትወጣ፣ ሁለቱንም ዓይንሽን ከፍተሽ በብረቷ የምታነጣጥሪባት ነው የምትሻለው። እንደ እኔዋ።»

«ጥይቷስ?»

«እሷ ናት ዋናዋ፣ የኔ እመቤት! ወፍራም፣ ዘገምተኛ እርሳስ። ፈጣኗ ቀጭን በቅርብ ስትመታ ትፈነዳለች፤ ትከሻውን ገንፎ ታደርገዋለች፣ ለውሻ እንኳ አይሆንም። የእኔዋ ግን ክብ ቀዳዳ በስታ ትገባለች፤ እስከ ቀዳዳዋ ጠርዝ ድረስ ሥጋውን ትበይዋለሽ።»

«ይህን ለትሬቨርም ነግረኸዋል?»

«ትናንት ማታውን ሙሉ! ጊልማንን ጠይቂው።»

«አጋዘኑን የት ጣልከው?»

«ከወንዙ ዳር። ልጁ ሳተው፣ አጋዘኑ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ፣ ጣልኩት።»

«ወዲያው?»

«ታዲያ የደነገጠ አጋዘን መንገድ ላይ ቡና ጠጥቶ ይመጣል?»

«ትከሻውስ?»

ቢላው አንድ አፍታ ቆመ። «ለወጥ ቆረጥኩት።»

ጊልማን ፕሉርድ የሰፈሩ ወጥ ሠሪ ነው፤ ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ አያድንም፣ ይቀቅላል፣ ያወራል። ሎርና እንጨት በሚፈለጥበት ደጅ አገኘችው።

«ስንት ተኩስ ሰማህ ጊልማን?»

«ሁለት፣ ልጄ። የመጀመሪያው ሲጮህ ሽንኩርቱን ልልጥ ቢላ እየፈለግሁ ነበር። ሁለተኛው ሲጮህ ሽንኩርቱ ቀልቶ ድንቹን እየገለበጥኩ።»

«ሽንኩርት እንዲህ ቶሎ ይቀላል?»

«እኔ ዘንድ? እኔ እኮ ሽንኩርት ሳበስል ሰው አግብቶ ይወልዳል።»

«ትናንት ማታ ምን ሆኑ?»

ጊልማን ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ። «የወደቀውን ግንድ ታውቂዋለሽ? የፈርናን ቦታ ነው፤ ጢም ሳያወጣ ጀምሮ እዚያ ነው የሚያደባው። ኦሬል ተነስቶ ‹ነገ እዚያ የሚቀመጠው ልጄ ነው› አለ። አማቼ እንኳ አላለም፣ ልጄ ነው ያለው። ፈርናን ‹በዚያ መድፍ?› ሲል ኦሬል ሳቀበት። ‹አንተም ጠመንጃህም አርጅታችኋል› አለው። ፈርናን ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ጥርሱን ሲነቀል ብቻ ነው።»

«የአጋዘኑን ትከሻ ቀቀልከው?»

«የምን ትከሻ? እኔ ጉበት ብቻ ነው የሰጠኝ። ደግሞ ይህን የሚያህል አጋዘን ከተማው ሚዛን ላይ ሳይወጣ እግሩን የሚቆርጥ ማን እብድ አለ? በክብደቱ እኮ የዓመቱ አንደኛ ይሆን ነበር።»

ሎርና የሰፈሩን ውሻ እያየች ነበር። ውሻው የተሰቀለውን አጋዘን ትቶ፣ ወጥ ቤቱን ትቶ፣ ከጓሮው የሽንት ቤት በር ፊት ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ ምራቁን ያዝረበርባል።

«ጊልማን» አለች፣ «ረጅም መንጠቆ አለህ?»

ቀጥሎ ያለውን ምሳ ላይ ያላችሁ ዝለሉት። መቀመጫውን ሳንቃ ነቀለች፣ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አሰረች፣ መንጠቆውን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። የዚያን ሰፈር የወንዶች ዘመን ሁሉ እያማሰለች ፈለገች። ሁለት ጊዜ ወጥታ አስመለሳት፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው ከነፀጉሩ አንድ የአጋዘን ትከሻ ጎትታ በበረዶው ላይ ጣለችው። በባልዲ ውሃ አጥባ በቢላዋ ከፈተችው፤ ሥጋው ጠቁሮ እንደ ገንፎ ላሽቆ፣ አጥንቱ ደቅቆ፣ በመሀሉ ቀጫጭን የመዳብ ስብርባሪ ያብለጨልጫል።

ከትከሻው በላይ ያስመለሳት ግን፣ ሰው ይህን እዚህ ጥሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጉበት ሊበላ መቀመጡ ነበር።

ሦስቱንም ጎጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባልደረባዋ ሬሳው ከተነሳ በኋላ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ትከሻውን በጆንያ ጠቅልላ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምን ነክቶሻል ሴትዮ! እንበላበታለን እኮ!» አለ ፈርናን።

«ዛሬ በልታችኋል፤ ይበቃችኋል። አሁን ስሙኝ። ሁለት ተኩስ ተሰማ፣ ሁለት ሬሳ አለ። አንዱ ሰው፣ አንዱ አጋዘን። እናንተ የትሬቨር ጥይት ኦሬልን፣ የፈርናን ጥይት አጋዘኑን ገደለ ትላላችሁ።»

«ቀንበጥ ነክታ ታጥፋ» አለ ፈርናን።

«ቀንበጥ የነካች ጥይት እየተገለባበጠች በጎኗ ነው የምትገባው፤ ጨርቁን ቀዳ፣ ሞላላ አድርጋ። የኦሬል ሰደርያ ላይ ያለችው ቀዳዳ ክብ ናት። ምንም አልነካችም። በዚያ ደን ውስጥ ደግሞ ምንም ሳይነኩ ከወደቀው ግንድ እስከ ኦሬል የሚደርሱት ጸሎትና ሐሜት ብቻ ናቸው። የተኮሰው አጠገቡ የቆመ ሰው ነው።»

ትሬቨር ቀና አለ።

«ትሬቨር በቅርብ ቢተኩስበት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ፈርናን ራሱ ነግሮኛል። ትፈነዳለች፣ ገንፎ ታደርጋለች። የዘገምተኛዋ እርሳስ ናት ክብ ቀዳዳ የምትበሳው። ኦሬል ላይ ያለችው እሷ ናት።» ጆንያውን ገለጠችው። ጊልማን ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «ገንፎው ደግሞ ይኸው። ይህ አጋዘን በትሬቨር ጥይት ነው የሞተው፤ መዳቧ ውስጡ አለ። ፈርናን ያን አይቶ ነው ትከሻውን የቆረጠው። ሚዛኑን ያህል ክብር አሳልፎ የሚጥል አዳኝ የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው።»

«በሁለታችንም ተመትቶ ይሆናል» አለ ፈርናን።

«ሁለተኛው ቀዳዳ የታለ? ቆዳውን ሁሉ ዳበስኩት። ወንዝ ዳርም አልወደቀም፤ ደሙና ፀጉሩ ከኦሬል እግር ሥር ነው። ተመትቶ ጥቂት ሮጦ እዚያ ወደቀ። ኦሬል ሊያየው መጣ። አንተም የመጀመሪያውን ተኩስ ሰምተህ መጣህ። ለዚህ ነው በሁለቱ ተኩስ መሀል የጊልማን ሽንኩርት የቀላው። ኦሬል ምን አለህ ፈርናን? የልቡ ጥይት ነገ በሐኪም እጅ ትወጣለች፤ ከማን ጠመንጃ እንደሆነች ትናገራለች። አንተ ዛሬ ተናገር።»

ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ተሰነጠቀ።

«ሳቀ» አለ ፈርናን። «አጋዘኑ ላይ እግሩን ጭኖ ሳቀብኝ። ‹ከአንተ ግንድ ላይ፣ በዚያ መድፍ፣ በአንዲት ጥይት! ና እየው ሽማግሌው!› አለ። እኔም... ቅርብ ነበር። ዝም እንዲል ብቻ ነበር።»

ጊልማን ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ» አለ፣ «አንተ ፈርናን... የሰው አጋዘን ላይ ስምህን አሰርክ?»

ፈርናን አንገቱን የደፋው ያን ጊዜ ነው። ለኦሬል አልደፋውም፤ ለአጋዘኑ ደፋው። ሎርና ሁለቱንም በተራ አየቻቸው።

«ውሰደው» አለች ባልደረባዋን። «የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍተህ ውሰደው።»

ከዚያ ቢላዋን መዝዛ ወደ ጨርቃጨርቁ ግድግዳ ሄደች። የትሬቨርን ስም የያዘውን የሸሚዝ ጭራ ምስማሩን ነቅላ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ይህ ያንተ ግድግዳ አይደለም። አልሳትክም።»

ልጁ ጨርቁን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲረጋጋ ስልኩን አነሳ። «ምን ልበላት?»

«አባቷን እንዳልገደልክ። ከዚያም ሲሞት እየሳቀ እንደነበር ንገራት፤ በአንተ ኮርቶ።»

እሱ ሲደውል እሷ ከጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ጉበት ከነመጥበሻው አንስታ ወጣች፤ ለውሻው ደፋችለት። ውሻው፣ ያ ከሽንት ቤት በር ያልተነሳው ውሻ፣ አሸተተው፣ ሎርናን ቀና ብሎ አያት፣ ፊቱን አዞረ።

ይቺን ግን አልጨመርኩባትም።