ቁራጭ ለቃሚዋ

ነኢማ ሀሩንን ያገኘችው ጭቃ ላይ ጎንበስ ብላ ሳለ ነው።

ሐምሌ ነበር። የቦሌ ሚካኤል መንገድ ተቆፋፍሮ ውሃ አቁሯል፤ ሰው ሁሉ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ቀሚሱን ሰብስቦ ነው የሚሄደው። አንድ ምንጣፍ መሸጫ ደጃፍ ላይ፣ ደንበኛ እግሩን እንዲጠርግበት የተጣለ ቀይ ቁራጭ ምንጣፍ አለ። ሌላው ሰው እየጠረገበት ይገባል። እሷ አነሳችውና ጀርባውን ገልብጣ ታይ ጀመር።

«እህቴ፣ እግር መጥረጊያ እኮ ነው!» አለ አንድ ወጣት ከውስጥ፣ ሳቁ እየቀደመው።

«አውቃለሁ። ትሸጡታላችሁ?»

«ጭቃውን ነው ምንጣፉን?»

«ምንጣፉን። ጭቃውን ምርቃት አድርግልኝ።»

ሀሩን ሳቁን አቆመ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ ማንሳት ነበረባቸው፤ አላነሱም። ልጅነት ነው እንግዲህ፤ ከዚያች ደቂቃ ስንት መዘዝ እንደሚመጣ ማን አስቦ!

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መምጣት ለመደች። ሳምንቱን መገናኛ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስትሠራ ትውላለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የራሷ ናት። ሀሩን ሰው ቤት ምንጣፍ አንጥፎ ሲመለስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ያስቀምጥላታል። እሷ በወስፌና በወፍራም ክር ታጋጥመዋለች፤ ባለአበባውን ከባለመስመሩ፣ ቡናማውን ከቀዩ።

«እነዚህ እኮ አይሄዱም» አላት አንድ ቀን።

«እኛስ እንሄዳለን?»

ቁርጥራጩን ማገላበጥ ጀመረ። ጆሮው ግን ቀላ። እሷም የተናገረችው ኋላ ገብቷት፣ ክር ያለቀባት መስላ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆየች።

የሱቁ ባለቤት የሀሩን እናት ወይዘሮ ሸሪፋ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከጥግ ወንበራቸው ሳይነሱ ሁሉንም ያያሉ።

«ያቺ ቁራጭ ለቃሚ ዛሬም መጣች?» ይላሉ፣ ነኢማ እንድትሰማ አድርገው።

ልጃቸው «ላገባት ነው» ሲላቸው ሳምንት ሙሉ ዝም አሉት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እንዲህ አሉ፤ «ሰሚት የተከራየኸውን ቤት ታሰናዳው። ከወር በኋላ ቅዳሜ ቀን መጥቼ አየዋለሁ። ሰው የሚኖርበት ቤት ከሆነ በማግስቱ ሽማግሌ እልካለሁ። የውራጅ መከመሪያ ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም።»

ያለ እናት እሺታም ኒካህ ይታሰራል የሚል ሰው አይጠፋም። ሀሩን ግን የእናቱን ፊት አጥቁሮ የሚያገባ ልጅ አይደለም። ነኢማም አማቷ እያለቀሱ የምትገባበትን ቤት አትፈልገውም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንዲት ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የደረጃው መደገፊያ ላልቷል፤ ነገ ልጅ ሲወለድ እንዴት ይሆናል ያሰኛል። ነኢማ ግን ያን ቤት ሕይወት ዘራችበት። አራት ወንበር ገዛች፤ አራቱም ዘራቸው ለየቅል፤ አንደኛው የትምህርት ቤት፣ አንደኛው የፀጉር ቤት። የአሮጌ ስፌት መኪና እግር ላይ የበር ሳንቃ ጥላ ጠረጴዛ አደረገችው። ግድግዳው ላይ ጥቁር የሱፍ ባና ዘረጋች። ጎረቤቷ ፀጋ እቃ እያጋዘቻት ደረጃው ላይ ትስቅባታለች።

«ነኢሚ፣ አንቺ ቤት የመጣ እንግዳ ወንበር ሊመርጥ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል!»

«ይፍጅበት። ቶሎ አይሄድማ።»

ወለሉ ብቻ ቀርቶ ነበር። ለቅዳሜዋ ሁለት ሳምንት ሲቀር ሀሩን ከሱቁ ክምር ሥር አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ አገኘ፤ አቧራ የጠጣ፣ በገመድ የታሰረ። ከድሮ የተረፈ ቀሪ መስሎት አመጣላት። እንዲህ ያለ አረንጓዴ አይታ አታውቅም፤ ዝናብ ያባራበት ሣር ይመስላል። ጀርባው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ነገር አለ፦ «ሳሎን 2.70»። እጇ ጽሑፉን ሊያበላሽ አልደፈረም። ጽሑፉን አልፋ፣ ምንጣፉን ለሁለት ቆረጠችው። መሀሉ ላይ ቡናማና ቀይ ቁራጭ አስገብታ ሰፋችው፤ ሲነጠፍ ክፍሉን ሞላው።

ሐሙስ ዕለት ሀሩን ደወለ። ድምፁ ሌላ ነው።

«ነኢማ፣ ያ አረንጓዴ ምንጣፍ የአባቴ ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አባቴ ሊሞት ሰሞን በእጁ የቆረጠው ነው። እማ ረመዳን ሊገባ ሲል በየዓመቱ አውጥታ ታራግፈዋለች። እኔ ሱቅ ሳልኖር ነው ለካ የምታወጣው፤ አንድም ቀን አላየሁም። ዛሬ ፈልጋ አጣችው። ሱቁን ገለባብጣዋለች።»

ነኢማ ምንጣፉ ላይ ነበር የተቀመጠችው። እንደተቃጠለ ሰው ዘልላ ተነሳች።

«ንገራቸዋ! አሁኑኑ ንገራቸው!»

«እሱ አይደለም ችግሩ። ከሷ ሌላ ስለ ምንጣፉ የሚያውቅ ጋሽ ሐዱሽ ብቻ ነው። ሰርቀህ ሸጠኸዋል ብላ አባረረችው።»

ጋሽ ሐዱሽ የሱቁ ተሸካሚ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በጀርባው ምንጣፍ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ፣ ነኢማ ስትመጣ «ደንበኛዬ መጣች!» ብሎ የሚቀበላት ሰው።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔማ…»

«ሀሩን! ምን አልክ?»

«እሁድ ሽማግሌው ይለፍ ነኢማ። ሰኞ እነግራታለሁ፣ ወላሂ። አሁን ብነግራት ሁሉም ነገር ያበቃል። ቅዳሜ እሱን አንሺና አልጋ ሥር ደብቂው፣ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

«ሰውየው በሌብነት ስም ቤቱ ተቀምጦ እኔ ልዳር?»

«ለኛ ብዬ ነው።»

«ለኛ አትበል። ስለፈራህ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ቅዳሜ እናትህ ሲገቡ ምንጣፉ ወለሉ ላይ ይጠብቃቸዋል። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። ያኔ የሚሆነው ይሁን።»

ስልኩን ዘጋችው። አርብን ሙሉ አልተደዋወሉም። ፋርማሲው ውስጥ ሁለት ጊዜ የብር መልስ ተሳሳተች።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የደረጃው ኮቴ ተሰማ። ወይዘሮ ሸሪፋ በየፎቁ እያረፉ ነው የሚወጡት። ሀሩን ከኋላቸው ነው፤ ፊቱ ደም የለውም። ነኢማ በሩን ከፍታ ቆመች። ሻርፕዋን አራት ጊዜ አስተካክላዋለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ሸሪፋ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ይሄ መደገፊያ ሰው ይገድላል። አሠሩት።»

ገቡ። ወንበሮቹን አዩ፣ ባናውን አዩ። ዓይናቸው ወደ ወለሉ ሊወርድ ሲል ነኢማ ፊታቸው ቆመች። ሀሩንን አየችው። መሬት መሬቱን ያያል።

«እትዬ፣ ሳይቀመጡ የምነግርዎት ነገር አለ። ጋሽ ሐዱሽ አልሰረቀም። ምንጣፉ እዚህ ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ከፊታቸው ፈቀቅ አለች። ወይዘሮ ሸሪፋ አዩት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

ያኔ ሀሩን በእናቱና በነኢማ መካከል ገባ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ እማ። የምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ሐሙስ ስታባርሪው ግን አውቄ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ ደብቂው ብላትም እምቢ አለችኝ።»

ታች መንገድ ላይ አንድ ታክሲ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጠራል።

«ተርትሪው» አሉ ወይዘሮ ሸሪፋ በመጨረሻ።

«አቤት?»

«ስፌቱን ተርትሪው። እያየሁሽ።»

ነኢማ ምላጭ አምጥታ ተንበረከከች። ወይዘሮ ሸሪፋ የትምህርት ቤቱን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ሀሩን ሊያግዛት ቢጠጋ «አንተ ቁም» አሉት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ክሩ ጠንካራ ነው፤ ራሷ ነች ያጠነከረችው። እንባዋ እጇ ላይ ሲወድቅ በቀሚሷ እየጠረገች ትተረትራለች። እያንዳንዷ የምትበጠስ ክር ሠርጓን ይዛባት የምትሄድ ይመስላታል።

ስትጨርስ ሁለቱን አረንጓዴ ግማሾች ጎን ለጎን አደረገችላቸው። ወይዘሮ ሸሪፋ ጎንበስ ብለው አንደኛውን ገለበጡት። ጠመኔው አለ፤ አንድ ፊደል አልጠፋም። ጣታቸውን አስጠጉ፣ እንዳይነኩት ተጠንቅቀው።

«ጽሑፉን አልፈሽ ነው የቆረጥሽው።»

«አዎ።»

«ለምን? የማን እንደሆነ አታውቂም ነበር።»

«ሰው በእጁ የጻፈው ነው ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ሸሪፋ ቀና ብለው ወንበሩን ተደገፉ። ከዚያ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ጀመሩ።

«ሳሎን አልነበረንም። ከሱቁ ጀርባ በአንዲት ክፍል ነው የኖርነው። ‹ሸሪፋ፣ ሳሎን ሲኖረን ይሄ ነው የሚነጠፈው› አለኝ፤ ለክቶ ቆረጠው። በወሩ ሞተ። እኔ ደግሞ እግር ሳይረግጠው ሰባት ዓመት አስቀመጥኩት። ለአይጥ!» ሳቅ የሚመስል ነገር አፋቸው ላይ መጥቶ ሄደ።

ጽሑፍ የሌለበትን ግማሽ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉ። ሌላውን በእግራቸው ወደ ነኢማ ገፉት።

«ሳሎኑ ያለው እዚህ ነው። እዚህ ይነጠፍ። ይሄኛው ክፍሌ ውስጥ ከኔ ጋር ይኖራል። እኔ ስሞት ታጋጥሚዋለሽ። በደንብ ነው የምትሰፊው፤ ለመተርተር ወገቤ እስኪቆረጥ ነው የጠበቅኩሽ።»

«ዕድሜ ይስጥዎት…» አለች ነኢማ።

ወይዘሮ ሸሪፋ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ሐዱሽ? እኔ ነኝ። አትዝጋው። ምንጣፉ ተገኝቷል፤ በድዬሃለሁ። አይ፣ በስልክ አይሆንም፣ ፊትህ መጥቼ እለዋለሁ። ሥራ ሰኞ ትገባለህ።» ትንሽ አዳመጡ። ዓይናቸውን ነኢማ ላይ አደረጉ። «ነገ ግን ሌላ ሥራ አለህ። ያንን ግራጫ ኮትህን ልበስና በሦስት ሰዓት ሱቅ ድረስ። መገናኛ የልጅቷ ወላጆች ቤት ነው የምትሄዱት፣ ሽማግሌ ሆነህ። አዎ፣ ለሀሩን። ማንን? ያቺን ደንበኛህን ነዋ!»

ከስልኩ ውስጥ የጋሽ ሐዱሽ እልልታ ለሁላቸውም ተሰማ። ወንድ ልጅ እልል ሲል ነኢማ ሰምታ አታውቅም።

ወይዘሮ ሸሪፋ ጥቅላቸውን አቅፈው ወደ ደረጃው ወጡ። ሀሩን ሊደግፋቸው ሲከተል በሩ ላይ ቆም አለ፤ ወደ ነኢማ ዞረ። እሷ አሁንም ተንበርክካለች፤ ጭኗ ላይ የክር ቁርጥራጭ፣ እጇ ላይ ምላጭ።

«አሁንም ተቆጥተሽኛል?»

«ሐሙስን አልረሳም» አለችው። «ግን መሀል ስትገባም አይቻለሁ።»

«ሀሩን!» የሚል ድምፅ ከሦስተኛ ፎቅ መጣ። «ይሄን መደገፊያ ዛሬውኑ አሠራ! ነፍሰ ጡር ሆና በዚህ ልትወጣ ነው?»

የሁለቱም ፊት ቀላ። ነኢማ ምላጩን አስቀምጣ ግማሹን አረንጓዴ ወለሉ መሀል አነጠፈችው፤ ዳር ዳሩ ባዶ ቀረ። ባዶውን በምን እንደምትሞላው እያሰበች ነበር፣ ሀሩን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ሲወርድ።