ካልሲ ውስጥ ያለችው ንግሥት

ሚጢ የካልሲውን አፍ ገለጥ አድርጋ በስልኳ ካሜራ አጉልታ ስታይ፣ ንግሥቲቱ እንቁላል እያኘከች ነበር።

መጀመሪያ የምታጸዳው መስሏት ነበር። ጉንዳን እንቁላሉን ይልሳል፤ ሻጋታ እንዳይዘው ነው። ይህን ከድሮም ታውቃለች። ትንሽ ቆይታ ግን ከስኳር ፍሬ የማትበልጠው ነጭ እንቁላል መሀሏ ተሰርጉዶ፣ ጭማቂዋ ንግሥቲቱ መንጋጋ ላይ ሲያብረቀርቅ አየች። ጠዋት የጠጣችው ወተት ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«ኤጭ! የገዛ ልጇን!»

ካልሲው የወንድሟ የኳስ ካልሲ ነው። ንግሥት ጉንዳን ጨለማ ትፈልጋለችና፣ ያለችበትን የመስታወት ቱቦ የሚሸፍን ወፍራም ነገር ሚጢ ቤቱን ሁሉ ብትፈልግ ያገኘችው እሱን ብቻ ነበር። ቢታጠብም ያው ነው፣ አፍንጫ ይቆርጣል። ወንድሟም «በዚህ ሽታ ካልሞተች ሌላ ምንም አይገድላትም» ብሎ ስቆባታል።

ከዚህ በፊት አምስተኛ ክፍል ሳለች አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ሙሉ ጉንዳን ነበራት። ማር ታልሳቸዋለች፤ የሞተ በረሮ ስታገኝም እግሩን እየቆረጠች ትሰጣቸዋለች፣ ያን ጊዜ ምንም አይቀፋትም። አንድ ቀን ግን ክፍል ውስጥ ከአንገትጌዋ አንዷ ብቅ አለች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ጉንዳን» ሆነ። አጠገቧ የሚቀመጡት ወንበራቸውን ጎትተው ራቁ። ሚጢ ተናዳ ጠርሙሱን አልጋ ሥር ወርውራ ተወችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትከፍተው ማሩ ኮምጥጧል፣ ጉንዳኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ አረንጓዴ ሻጋታ እንደ ጸጉር በቅሎባቸዋል። አፍንጫዋን ይዛ ከነክዳኑ ጣለችው።

ያን ስም ያስጣለላት ዜና ናት። ዜና ጓደኛዋ ነች፤ አፏ ወሬ ስለማይቋጥር ነው ዜና የተባለችው። ወንበሯን ስባ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና «ከዛሬ ጀምሮ ጉንዳን የሚላት ከእኔ ጋር ይነጋገራል!» አለች። ዜናን ደግሞ ማን ይደፍራል!

ከዚያ ወዲህ ሚጢ ጉንዳን ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ዝናብ ሲያባራ፣ ከተሰጣበት ገመድ ያልተነሳ አንሶላ ላይ አንዲት ትልቅ ጉንዳን አርፋ ክንፏን እንደ አሮጌ ልብስ ስታወልቅ አየች። የሚጢ እጅ ከልቧ ቀድሞ ብርጭቆ አነሳ። ላቦራቶሪ ከምትሠራው አክስቷ የመስታወት ቱቦ ለምና አመጣች፤ ግርጌው ላይ ውሃ አድርጋ በጥጥ ደፈነችው፣ ንግሥቲቱን አስገብታም አፉን በሌላ ጥጥ ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ልጆቿ እስኪፈለፈሉ አለመነካካት። ንግሥቲቱ እስከዚያ ምግብ እንኳ አትፈልግም።

ሚጢ ይህን እያወቀች ነው ትናንት ካልሲውን ለዜና የከፈተችላት። ዜና መብራት አብርታ ቀረጸች፤ ንግሥቲቱ ፊቷን እንድታዞርላትም መስታወቱን በጥፍሯ ቆረቆረች። ቱቦውን ይዛላት የነበረችው ራሷ ሚጢ ናት።

አሁን ደግሞ ዜና ሳታንኳኳ ገባች።

«የትናንቱን ቪዲዮ ስንት ሰው አየው መሰለሽ! እ፣ ምን እያደረገች ነው?»

«እንቁላሏን እየበላች ነው።»

«ውይ ሲያቅለሸልሽ!» ዜና አፍንጫዋን ጨምድዳ ስልኳን አወጣች። «አምጪ አምጪ! ይሄማ ጉድ ነው!»

ዜና እስክትደርስ ንግሥቲቱ ውጣ ጨርሳ፣ በፊት እግሮቿ አፏን ትጠራርግ ጀመር።

«ጨረሰች እንዴ?» አለች ዜና። «ችግር የለም። ነካ ነካ እናድርጋትና ሌላውን ትብላ።»

ጣቷን ወደ ቱቦው ሰደደች። ሚጢ ያቺን ቀለሟ የተላላጠ ጥፍር ስታይ፣ ቅድም ያ እንቁላል ሲታኘክ ያቅለሸለሻት ነገር ተመልሶ መጣባት። ቱቦውን ሸሸግ አደረገችና የራሷን መዳፍ ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ፈርታ ነው የምትበላው። ያስፈራናት እኛ ነን፣ ትናንት።»

«አታካብጂ ባክሽ፣ ጉንዳን እኮ ናት! ደግሞ አንቺም አስጠልታሻለች፣ ፊትሽ ያስታውቃል።»

«አስጠልታኛለች። አሁንም ሊያስመልሰኝ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አስጠላችኝ ብዬ ልጆቿን አላስበላትም።»

ዜና ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ዛሬም ቪዲዮ አለ ብዬ ተናግሬያለሁ እኮ፣ ሼም ልታስይዢኝ ነው?» ሚጢ ቱቦውን ይበልጥ ወደ ራሷ ስታስጠጋ የዜና ድምፅ ቀዘቀዘ። «እሺ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ አይደል? እኔ አሁን ዝም በሉ አልልልሽም።»

ያኔ የሰማችው የሚጎተት ወንበር ድምፅ ሚጢ ጆሮ ላይ መጣ። ወደ ቱቦው አየች። ንግሥቲቱ የተረፉትን እንቁላሎች ሰብስባ ከላያቸው ቆማለች። ልትጠብቃቸው ይሁን ልትበላቸው አይታወቅም። ሚጢ ካልሲውን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሳበችው።

ዜና ስትወጣ በሩን ላጋችው። ሚጢ ቱቦው እንዳይነቃነቅ በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ግርጌ፣ የእናቷ ወፍራም ሹራብ ውስጥ አስተኛችው።

«ካልሲዬስ?» አለ ወንድሟ ማታ።

«ተወርሷል።»

«ምስኪን ንግሥት!»

ሰኞ፣ አስተማሪው ሳይገባ፣ ከኋላ አንዱ «ጉንዳን!» ብሎ ተጣራ። ክፍሉ ተንጫጫ። ዜና ወደ መስኮቱ ዞረች። የሚጢ አንገት የሆነ ነገር እንደሚሄድበት በላት፤ ግን አላከከችውም። ዞር አለች።

«አቤት?»

የጠራት ልጅ አጠገቡ ያሉትን አየና ደብተሩን ያገላብጥ ጀመር።

ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመች። እጇ መያዣውን ጨብጧል። ስንት ቀርቷት ይሆን? ወይስ ሁሉንም በልታቸው ይሆን? በበሩ ስንጥቅ የካልሲው ሽታ መጣ።

«ኤጭ!» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሳትከፍተው መያዣውን ለቅቃም እጇን ልትታጠብ ሄደች።