የከዲሮ ዳዶ

ሐምሌ ፲፱፻፸ ዓ.ም.፣ አሰላ። ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሣህሌ ምሳ እየበሉ ሳለ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለ ትልቅ የቴፕ ስፒከር አናታቸው ላይ ወድቆ ገደላቸው። መቶ አለቃ ጉቱ ሲደርስ አስከሬኑ ተሸፍኗል፤ በወዲያኛው ጥግ የተንጠለጠለው ሁለተኛው ስፒከር ግን አሁንም ይዘፍናል። ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ሚስትየዋ ወይዘሮ ወይንሸት ክንዱን ያዙት።

«ይተዉት ጌታዬ፤ እሳቸው ይወዱት ነበር።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ኃይለየሱስ ፍርዱን ጨርሶ ነው የጠበቀው። ለእሱ ምርመራ ማለት ጊዜ ማጥፋት ነው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ይሄ አሻጥር ነው። የሰቀለው አናጺው ከዲሮ ነው፤ ይዘነዋል። ቤቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ልጃቸው ብርቄ የምትፈለግ ናት። ሮቤ ሄዳለች ይላሉ፤ አራት ወር አጥተናታል።»

ጉቱ የወደቀውን ሳጥን አገላበጠ። ብሎኑ አብሮ ወርዷል፤ አልተሰበረም፣ ጥርሱም አልተበላም። ብሎኑን ከላይ የሚይዘው ዳዶ ግን የለም። ጥርሱ ላይ የነጠላ ክር ተጠምጥሟል።

ከዲሮ በሩ ሥር ቆሟል፤ በሩን የሚሞላ ግዙፍ ሰው ነው።

«ኦቦ ከዲሮ፣ ዳዶውን አጥብቀውታል?»

«ወላሂ! ከላይ ወጥቼ፣ ወራጁ እንጨት ላይ በመፍቻ ነው ያሰርኩት። ሃያ ዓመት ስሠራ አንድ ዳዶ ላልቶብኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው ወጥተን እንየዋ።»

የሰውየው ፊት ተለወጠ። «አይሆንም። ኮርኒሱ ሰው አይችልም፤ ይሰበራል።»

ጉቱ ሊቀመንበሩን «ቃል የምቀበለው ለብቻ ነው» ብሎ ከነጠብመንጃው እስከ አጥሩ በር ሸኘው። ተመልሶ ከዲሮንና ወይዘሮ ወይንሸትን አስቀመጣቸው።

«ብሎኑ አልተበጠሰም፤ ዳዶው ተፈቷል። የሚፈታው ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ነው። ኦቦ ከዲሮ፣ እርስዎን የቻለ ኮርኒስ እኔ ስወጣ ለምን ይሰበራል? በሥራው የሚኮራ ሰው ወጥታችሁ እዩልኝ ይላል እንጂ አይከለክልም። ሲሰቅሉ እዚያ ያዩት ነገር አለ።»

ከዲሮ መሬት መሬቱን አየ። «ፍራሽ አየሁ።»

«እርስዎም እሜቴ፣ ባልዎ ሞተው ዘፈን የማያዘጉኝ ከላይ የሚያለቅስ ሰው እንዳይሰማብዎ ነው። አቶ ሣህሌም ስፒከሩን እዚያ ያሰቀሉት የልጃቸው ሳል ጎረቤት እንዳይደርስ ነው።»

ቴፑን ዘጋው። የታፈነ ልቅሶ ከላይ ተሰማ። ጥግ ላይ ያለው ጣውላ ተነሣና ብርቄ ወርዳ አባቷ እግር ሥር ወደቀች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! ድምፁ የምተኛበትን እንጨት ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። እንጨቱ እንዳይንቀጠቀጥ ዳዶውን ፈትቼ ከእማማ ነጠላ ቀድጄ ከሥሩ አደረግኩበት። መልሼ ያጠበቅኩት በጣቴ ብቻ ነው። አባባ ለእኔ ብሎ ያሰቀለውን!»

ጉቱ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እሷን ቢጽፍ ሊቀመንበሩ ደጅ ቆሟል። ባይጽፍ ከዲሮ በአሻጥር ይሄዳል፤ በአሻጥር የሄደ ደግሞ አይመለስም።

«መዝገቡ ስም ይፈልጋል» አለ።

«እኔ እኮ ዝም ብዬ ላስወስድዎት ነበር፤» አሉ ወይዘሮ ወይንሸት ከዲሮን ማየት አቅቷቸው። «እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ከዲሮ ተነሣ። «በደንብ አላጠበቅኩትም ብለው ይጻፉ። ስንፍና ነው፣ አሻጥር አይደለም።»

«ስንፍናም እስር አለው። አሰላም ከእንግዲህ ሥራ አይሰጥዎትም።»

«አውቃለሁ። ይጻፉት።»

ጉቱ በራሱ እያፈረ ጻፈ። ብርቄ ወደ ላይ ተመለሰች፤ እናቷ ቴፑን ከፈቱ።

«ምን ተገኘ?» አለ ሊቀመንበሩ ከደጅ።

«አሻጥር የለም። አናጺው ሥራ አይችልም።»

ከዲሮ ከተቀመጠበት ከተነሣ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አንገቱን የደፋው ይህን ሲሰማ ነው።