የደላላው ምራቅ

ከወርቅ ዋሻው ሃምሳ እርምጃ ሳይርቁ ዝናቡ ተደፋባቸው። ተማሪዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ስትወጣ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ክንዷን ከትታ ስትፈልገው፣ ጫማውን ሳይሆን ለስላሳ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ጨበጠች።

«አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ባታውቂው ይሻልሻል» አሉ ሽማግሌው ቆፋሪ ዞር ሳይሉ።

የማዕድን ትምህርት ያስመረጣት ኮሌጁ ያሳተመው ፎቶ ነው፤ ነጭ ጋዋን፣ ንጹህ ጓንት፣ ሰላሳ ሁለት ጥርስ። ፎቶ አንሺውን አሁን ብታገኘው የጨበጠችውን ታጎርሰው ነበር።

ጀርባዋ ላይ የታሸገ ከረጢት አለ። ከሽማግሌው ዋሻ በእጇ የቆፈረችው አፈር ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ላብራቶሪ ይመረመራል። የሽማግሌው ሁለት ልጆች ጣሪያው እየተፈረፈረ «ወርቅ የለም የሚል ወረቀት ካልመጣ አንወጣም» ብለው ወደ ውስጥ እየቆፈሩ ነው። የአባታቸውን ልመና ከጉዳይ አልጣፉትም።

ረግረጉን ሲሻገሩ አልቅት እግሯ ላይ ተለጠፈ። ነቅላ ስትጥለው ደሙ የራሷ መሆኑ ይበልጥ አንገሸገሻት። ገደሉ ላይ ደግሞ አንድ ወጠምሻ ዝንጀሮ ከረጢቱን ምግብ መስሎት ያዘ። ጎተተች፤ ጎተተ። ሽማግሌው በዶማ እጀታ ሲያባርሩት ፊቷ ላይ አስነጥሶባት ሄደ። የከረጢቱ ማሸጊያ ተበጥሶ አፉ ተከፈተ።

ወንዙ ሞልቶ ይጋልባል። ዳር ላይ በጀልባ የሚጠብቃቸው ዋሻውን ለገዢ ሊያሻሽጥ የሚሯሯጠው ደላላ ነበር፤ ጉንጩ በትንባሆ አብጧል።

«ነይ እህቴ፣ ላሻግርሽ! ከረጢቱን አምጪው፣ እንዳይረጥብ።»

መሃል ወንዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ኡሁ ኡሁ አለና ከረጢቱ ውስጥ እንትፍ አለበት።

«ውይ፣ ይቅርታ! ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ተማሪዋ አየች። ቡናማው ለሃጭ ውስጥ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ ያበራል።

«የሚያብለጨልጭ ጉንፋን ነው እንዴ?»

«ዝም በይ» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ዋሻውን እሸጣለሁ፤ አንቺ ወርቅ ያገኘች ተማሪ ትባያለሽ፤ በማዕረግ ትመረቂያለሽ። ምን ጎደለሽ?»

ሽማግሌው ምንም ሳይሰሙ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ እየቀዱ ይደፋሉ። በዚህ ምራቅ ምክንያት ልጆቻቸው ከዋሻው ሳይወጡ ሊቀበሩ ነው! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጭቃ ይልቅ ሰው ሸተታት።

«መልሰን!»

«ጀልባው አይመለስም።»

ከረጢቱን ነጥቃ አፉን ቋጠረች፤ አዝላው ወንዙ ውስጥ ዘለለች። ሽማግሌው እየተሳደቡ ተከተሏት። ውሃው አንከባለላት፣ አጠጣት፤ እጇ የያዘው የመጀመሪያ ነገር ሞቶ ያበጠ በሬ ነበር። አቀፈችው። አፍንጫዋን ሆዱ ላይ ቀብራ፣ እያስመለሳት፣ የተነሱበት ዳር እስኪጥላት ድረስ አልለቀቀችውም።

«አሁንስ አበድሽ?» አሉ ሽማግሌው ዶማቸውን እየጎተቱ ከውሃው ሲወጡ።

የሆነውን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዶማቸውን አንስተው ወደ መጡበት ዳገት መሩ።

ረግረጉ፣ አልቅቱ፣ ገደሉ፤ ሁሉም እንደ አዲስ። ልጆቹ ግን «የምራቅ ወሬ አንሰማም፣ ወረቀት አምጡ» አሉ። ተማሪዋ በደረቷ ተስባ አጠገባቸው ገባች፤ አፈር አንገቷ ውስጥ እየፈሰሰ ሌላ ናሙና ቆፈረች። ይሄኛውን በዝናብ ልብሷ ጠቅልላ፣ በላይኛው ድልድይ ዞረው፣ በሦስተኛው ቀን ኮሌጁ ደረሱ። ጥበቃው አፍንጫውን ይዞ አሳለፋቸው።

የላብራቶሪዋ ባለሙያ ሁለቱንም ናሙናዎች ለየብቻ ፈጨች፣ አቀለጠች፣ መዘነች።

«ይሄኛው ባዶ ነው። ያኛው ግን ጉድ ነው! ከየት ነው የመጣው?»

«ከደላላ አፍ» አለች ተማሪዋ። «እዚያ ጉድጓድ ማንም እንዳይገባ። የባዶውን ናሙና ወረቀት ስጪኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን በባለሙያዋ ስልክ አንስተው ለልጆቻቸው ላኩና ደወሉ።

«ደረሳችሁ? ... አዎ፣ ማህተም አለው። ... ማን አስመረመረው? ያቺው ልጅ ናት።» ተማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ትሸታለች፤ ግን አትዋሽም። ውጡ!»